ኩሬው ሳይደርቅ

መስከረም 24

መጥተዋል!

ከሥራ በፊት ወደ ሜዳው ወጥቼ፣ ከኩሬዎቹ በትልቁ ዳር፣ ጭቃው ጠርዝ ላይ ትንንሾቹ ሯጮች ወዲያ ወዲህ ሲሉ አገኘኋቸው። ሌላ ስም ይኖራቸዋል፤ እኔ ግን ሯጮች ነው የምላቸው። ድንቢጥ የሚያካክሉ ፍጥረቶች ምድሩ ሁሉ በረዶ ከሚሆንበት አገር ተነስተው፣ ባሕርና በረሃ አቋርጠው፣ አንድ ዛፍ በሌለበት በዚህ ደረቅ ሜዳ ላይ ዝናብ ጥሎት የሄደውን ውሃ ማግኘታቸው በየዓመቱ እንደ አዲስ ይገርመኛል።

ጋሼ ቀድመውኝ ደርሰዋል። ጡረታ የወጡ የአውቶብስ ሹፌር ናቸው፤ ወፍ ማየት ያስለመዱኝ እሳቸው ናቸው። በዚህ ከተማ ለዚህ ነገር የምናብድ ሁለታችን ብቻ ነን። "ዘንድሮ ውሃው ደህና ነው፤ ወር ከምናምን ይከርማል" አሉኝ የሩቅ ማያ መነጽራቸውን ከዓይናቸው ሳያነሱ። "ሲደርቅ ግን ስንብት የለም። ብድግ ነው።"

ሁሉም በአንድ ላይ ብድግ ሲሉ አይቼ አላውቅም። ሁልጊዜ ከሄዱ በኋላ ነው የምደርሰው። ዘንድሮ አያመልጡኝም።

ቤት ስመለስ ባለቤቴ ቁርሷን አልነካችውም። ሆዷን ነፍቷታል። ጨጓራ ነው።

መስከረም 28

የፍሪጅ ጥገናው ሥራ በዛ። የከተማው ፍሪጅ ሁሉ ተማክሮ የተበላሸ ይመስላል። ሜዳ አልወጣሁም። ተቀምጬም ቆሜም አልሆነልኝም። ነገ።

ጥቅምት 2

ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ የቤታችን የፊተኛው ክፍል ሱቋ ነው። የዩኒፎርም ጊዜ አልፎ ሥራው ቀዝቀዝ ብሏል። ዛሬ ለምሳ ስገባ የራሷን ቀሚሶች ጠረጴዛው ላይ ከምራ ጎን ጎናቸውን ትተረትራለች።

"ምን እየሠራሽ ነው?"

"እያሰፋሁ።"

"ወፈርሽ እንዴ?"

መቀሷን አስቀምጣ ቀና ብላ አየችኝ። "አዎ፣ ወፈርኩ" አለች።

ፊቷ ግን ከስቷል። የጨመረችው ወገቧ ላይ ብቻ ነው። በዚህ ዕድሜ ሴቶች እንዲህ ይሆናሉ ሲባል ሰምቻለሁ።

ጥቅምት 5

ባለ ረጅም እግሮቹ ገቡ። ቀይ ካልሲ እስከ ጉልበታቸው የሳቡ ይመስላሉ። ውሃው መሐል ቆመው፣ ሲራመዱ ልብሱ እንዳይረጥብበት የሚጠነቀቅ ሰው ነው የሚመስሉት።

ጋሼ፣ "ያንተዋ ዛሬ ምን ብላ ለቀቀችህ?" አሉኝ።

"ተኝታ ነው የወጣሁት።"

"ተኝታ ነው ወይስ የተኛች መስላ?"

ሁለታችንም ሳቅን። ወደ ከተማ ስመለስ ግን ነገሩ ጆሮዬ ውስጥ ቀረ። ስወጣ ጀርባዋን ሰጥታኝ ነበር። እጇ ሆዷ ላይ ነበር።

ጥቅምት 8

የመድኃኒት ቤቱ ፍሪጅ ማቀዝቀዝ አቁሞ ጠሩኝ። ጋዝ አንሶት ነው። ጎንበስ ብዬ ስሠራ ፋርማሲስቷ በላዬ ቆማ፣ "ባለቤትህ እንዴት ሆነች?" አለችኝ።

"ምን ሆና?"

ወደ መደርደሪያው ዞረች። "አይ፣ ማስታገሻ ቶሎ ቶሎ ትወስዳለችና... ሐኪም ይይሽ ብያታለሁ።"

ማታ ባለቤቴን ጠየቅኳት።

"አንተ አይደለህም እንዴ ጨጓራ ነው ያልከኝ?" አለች።

ብያለሁ? ብዬ ይሆናል። አንድ የሞተር ድምፅ ሰምቼ ሕመሙን የምናገር ሰው ነኝ፤ አፌ ለምዶበት ነው።

ጥቅምት 11

እትዬ መጡ። የባለቤቴ ታላቅ እህት ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ስልክ ቤት ስለሠሩ ሹክሹክታ አያውቁም፤ ምስጢር ሲያወሩ ጎረቤት ይሰማል። ገና በሩን አልፈው ሳይገቡ እህታቸውን ከላይ እስከ ታች አዩና፣ "ተነሺ!" አሏት። "ከሰል መስለሽ ቁጭ ብለሽ ትሰፊያለሽ?" ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ "አንተስ ዓይን የለህም? ወይስ ዓይንህ የሚሠራው በመነጽር ብቻ ነው?"

ሐኪም ቤት ወሰዷት። አልትራሳውንድ ተነሳች። "ማሕፀኗ አጠገብ አንድ ነገር አለ" ተብሏል። አንድ ነገር። ሲቲ ስካን ትነሳና በ18 ጠዋት ውጤቱን ለመስማት ከባለቤትሽ ጋር ነይ ብለዋታል።

"አለህ አይደል?" አለችኝ።

"ምን ማለትሽ ነው? የት እሄዳለሁ?"

"እንዲያው ነው።"

ለልጃችን እንዳንነግራት ከለከለችን። ሌላ ከተማ ትማራለች፤ ፈተና ላይ ናት።

ጥቅምት 14

ከሥራ በፊት ወጣሁ። ከሥራ በኋላም ወጣሁ። ውሃው እየሸሸ ነው፤ ባለፈው ሳምንት እርጥብ የነበረው ዳር አሁን ተሰነጣጥቋል። ነፋሱ አቧራ ያነሳል። አንድ ነገር ማለት ምንም ማለት ሊሆን ይችላል። ሰው ሆድ ውስጥ ስንት ነገር አለ።

ጥቅምት 17

ለነገ ሸሚዝ ተኮሰችልኝ። በሩ ላይ ተሰቅሏል። ዝም ብሎ የሚያየኝ ሰው ይመስላል።

ጥቅምት 18

አልነጋም። እንቅልፍ የለም። ቀጠሮው ረፈድ ብሎ ነው። እስከዚያ እዚህ ከምገላበጥ አንድ ጊዜ አየት አድርጌ እመለሳለሁ። ሳትነሳ እደርሳለሁ።

በዚያው ቀን፣ ማታ

አልደረስኩም።

ወፎቹ ከወትሮው ራቅ ብለው ነበር። መኪናዋን ጥቂት ጠጋ ላድርጋት ብዬ ጭቃው ላይ ያለው ደረቅ ቅርፊት አታለለኝ። ፒካፗ የኋላ እግሯን ቀበረች። ጋሼ ዛሬ አልወጡም። ስልኬ ኔትወርክ የለውም። በእጄ ቆፈርኩ፣ ድንጋይ ለቀምኩ፣ ጃኬቴን ጎማ ሥር አነጠፍኩ፤ በነዳሁ ቁጥር ትሰምጣለች። ፀሐይ ወጣች፣ ከፍ አለች። እኔ ጭቃ ውስጥ ተንበርክኬ ስጮህ ሯጮቹ ከቁብ አልቆጠሩኝም፤ አጠገቤ መጥተው የቆፈርኩትን ይለቅሙ ነበር። ሌላ ቀን እንዲህ ቢቀርቡኝ ምን ያህል በተደሰትኩ ነበር! ድንጋይ ወረወርኩባቸው። ይህን ለማንም አልናገርም።

በመጨረሻ የከብት መኖ ጭኖ የሚያልፍ ትራክተር ጎትቶ አወጣኝ።

ሐኪም ቤት ስደርስ ሰው ተበትኖ ጽዳቷ ኮሪደሩን ትወለውላለች። ከነጭቃዬ ስላየችኝ፣ "ድንገተኛ በዚያ በኩል ነው" አለችኝ።

ቤት ስገባ ባለቤቴ የስፌት መኪናዋ ላይ ተቀምጣ ትሰፋለች።

"ምን አሉ?"

"ደህና ነው አሉ።"

"ደህና?"

"ደህና ነው አልኩህ። ጫማህን ውጪ አራግፍ።"

ተመስገን አልኩ። እዚያው ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። እትዬ አጠገቤ አለፉ፤ ሰላም አላሉኝም። በኋላ ከጓዳ ድምፃቸው መጣ፤ "እስከ መቼ ነው አንቺ? ነገ የሚታወቅ ነገር!" ስለ ምን እንደሆነ አልጠየቅኩም። ደህና ነው ብላኛለች።

ጥቅምት 21

ሜዳው ላይ ነበርኩ። አዲስ የመጣ ነበር፣ ምንቃሩ ወደ ላይ የተቆለመመ፣ ጥቁርና ነጭ። ጋሼ በደስታ ክንዴን ጨብጠው ሲያሳዩኝ መነጽሩን ዓይኔ ላይ አድርጌ ምንም ሳላይ "አየሁት" አልኳቸው።

"ባለቤትህ ደህና ናት?"

"ደህና ናት። ደህና ነው ብለዋታል።"

"ማን ነው ያላት?"

"ሐኪሞቹ።"

"አንተ ስትሰማ?"

ነፋስ መጣና ኮፍያዬን ወሰደው። ተከትዬው ሮጥኩ፤ ስመለስ ወሬው ተለውጦ ነበር።

ጥቅምት 23

ደህና አይደለም።

ከሰዓት በኋላ ግቢ ውስጥ የደንበኛ ፍሪጅ ፈትቼ ስሠራ እትዬ ሳሎን ውስጥ ስልክ ያወራሉ። "አቤት? አይ፣ እህቷ ነኝ! የኦፕራሲዮኑ ቀን ኅዳር 2 ነው ወይስ 3? ደም የሚሰጥ ሰው እኛ ነን የምናመጣው?"

መፍቻው ከእጄ ወደቀ።

ሱቁ ውስጥ ገባሁ። ባለቤቴ ከፊት ለፊቱ በሚከፈት ሰፊ የሌሊት ልብስ ላይ ቁልፍ ትተክላለች። ሁለት ቀን ሙሉ ስትሰፋው እያየሁ የደንበኛ መስሎኝ ነበር።

"የማን ነው?" አልኳት።

"ሰማህ አይደል? የእትዬን ድምፅ ያልሰማ የለም።" ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። "እጢ ነው። ትልቅ ነው። ክፉ ይሁን አይሁን ሳይወጣ አይታወቅም።"

"ለምን ደህና ነው አልሽኝ?"

"ብነግርህ ምን ታደርጋለህ? መኪናህን አስነስተህ ትወጣለህ።"

"አልወጣም።"

"ሳልነግርህም ወጥተህ የለ?"

መኪናው ስለተቀበረ ነው ልላት አፌን ከፈትኩና ዘጋሁት። እሷ ድምፅዋን አላነሳችም። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

"ያን ቀን ዶክተሩ 'ባለቤትሽስ?' አለኝ። 'መንገድ ላይ ነው' አልኩት። ሲነግረኝ በሩን በሩን ነበር የማየው፤ ግማሹን አልሰማሁትም። መፍራትህን አውቃለሁ። ፍራ፣ መብትህ ነው። ግን ፍርሃቱን ሁሉ አንተ ይዘኸው ስትዞር እኔ ደግሞ አንተን ላባብል? እኔ መቼ ነው የምፈራው?"

መሬት የወደቀ ቁልፍ አንስቼ ሰጠኋት። ተቀበለችኝና ተከለችው።

ጥቅምት 24

ሐኪም ቤት ሄድኩ፣ ብቻዬን። ዶክተሩን በር ላይ ጠብቄ ያዝኩት። እንደገና ንገሩኝ አልኩት። ነገረኝ። ሁሉንም ሰማሁ። ደም ለመስጠትም ተመዘገብኩ። ደህና ነው የሚል ቃል ከአፉ አልወጣም።

ጥቅምት 28

ጠዋት ቁርስ ላይ፣ "እስቲ ያን ያህል የምትሮጥለትን ነገር አሳየኝ" አለችኝ። የምታሾፍብኝ መስሎኝ ነበር። ሻርፗን አድርጋ በሩ ላይ ቆመች።

ቀስ ብዬ ነዳሁ። ያ መንገድ ይህን ያህል ጉድጓድ እንዳለው እስከ ዛሬ አላውቅም ነበር። በእያንዳንዱ ከንፈሯን ትነክሳለች፤ "ልመለስ?" ስላት "ንዳ" ትላለች።

መኪናዋን ደረቁ ላይ አቆምኩ። ከበሩ ጥግ ነፋስ በማያገኛት በኩል ወንበር ዘረጋሁላት፣ መነጽሩን ሰጠኋት።

"ምንም የለም። የራሴ ሽፋሽፍት ነው የሚታየኝ።"

"ትንሽ አርቂው። መሐሉ ላይ ያለችውን ማስተካከያ አዙሪ።"

ብዙ አዞረች። ከዚያ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ደነገጥኩ፤ እየሳቀች ነው።

"እነዚህማ በተቀደደ ኪስ ሳንቲም የጣሉ ነው የሚመስሉት! ምን ያሯሩጣቸዋል?"

"መብላት አለባቸው። ገና ረጅም መንገድ አለባቸው።"

"አረፍ አይሉም?"

"ብዙም አይሉም።"

"አንተን ነው የወጡት።"

ነፋሱ ውሃውን እያጨማደደው እንደዚያ ተቀመጥን። ኩሬው አሁን ከግቢያችን ብዙም አይበልጥም። መነጽሩን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ቆየች። "ልጅቷን ጥራት" አለችኝ፤ ከዚያ፣ "ቆንጆ ነው። ግን በጣም ጭር ያለ ቦታ ነው። እዚህ ብቻህን ስትሆን ምን ታስባለህ?"

"ምንም።"

"እሱን እኮ ነው የምልህ" አለች።

ኅዳር 1

ሻንጣ። ፎጣ፣ ሁለት የሌሊት ልብሶች፣ ነጠላ ጫማ። ልጃችን በስልክ አለቀሰች፣ ከዚያ ተቆጣች፦ "እኔ ለእናንተ እንግዳ ነኝ እንዴ?" ነገ ማታ ትደርሳለች።

ኅዳር 2

ጠዋት በተሽከርካሪ አልጋ ወሰዷት። ድርብ በሩ ጋ ሲደርሱ፣ "እዚሁ ሁን" አለችኝ። እዚሁ ሆንኩ።

ኮሪደሩ ላይ ስመላለስ እትዬ፣ "ተቀመጥ፣ ወለሉን ጨረስከው" አሉኝ። ተቀመጥኩ። እግሬ ግን ብቻውን ይዘላል። ጋሼ መጡ፤ የተተኮሰ ኮት ለብሰው፣ ጫማቸው ተወልውሎ። በሜዳ ልብስ እንጂ በሌላ አይቻቸው አላውቅም፤ መጀመሪያ አላወቅኳቸውም። አጠገቤ ተቀመጡ። እኔው ነኝ የጠየቅኳቸው።

"ኩሬውስ?"

"ደረቀ።"

"ሄዱ?"

"ትናንት ሊመሽ ሲል።"

"አዩዋቸው?"

በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ። እንዴት እንደነበር ይነግሩኝ እንደሆነ ፊታቸውን አየሁ። እሳቸው ድርብ በሩን ያያሉ። "የእሱ ወሬ ይደርሳል" አሉ።

እኔም ሌላ አልጠየቅኩም። ለመጠየቅም አላማረኝም።

ዶክተሩ ቆቡን በእጁ ይዞ ወጣ። "ሙሉ በሙሉ ወጥቷል። ምንነቱን የምናውቀው ግን ከላቦራቶሪ ሲመጣ ነው።"

ኅዳር 6

ትኩሳት። ቁስሉ አመርቅዟል። ስትቃዥ የደንበኞቿን ልኬት ትጠራለች። ልጃችን ግንባሯን በእርጥብ ጨርቅ ትይዝላታለች፤ እኔን አታናግረኝም። እውነት አላት።

ኅዳር 9

አልወረደም። መድኃኒት ለወጡ። ሌሎቹ የተሰፉት በሁለተኛው ቀን ቆመው ኮሪደሩን ሲለኩ የእኔዋ ራሷን ከትራሱ አታነሳም። በመስኮት ወደ ውጭ አያለሁ፣ አልጋውን አያለሁ፣ ግሉኮሱን አያለሁ። አንድ ጊዜ የመኪናውን ቁልፍ ኪሴ ውስጥ አገኘሁት፤ ሳላውቀው እጄ ውስጥ ሲዟዟር ነበር። አውጥቼ ለልጃችን ሰጠኋት። "አንቺ ጋ ይሁን" አልኳት። አየችኝና ምንም ሳትጠይቅ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ዳቦ ቆርሳ አጎረሰችኝ።

ኅዳር 12

የክፍሉ መድኃኒት ማቀዝቀዣ ሞተሩ ይነጫነጫል። ጆሮዬ ሊተወው አልቻለም፤ ጣቴ የአልጋውን ብረት ይመታል።

"ሂድና ሥራው" አለች ባለቤቴ ዓይኗን ሳትገልጥ። "በእሱ ሳይሆን በአንተ ነው የማብደው።"

ከትኩሳቱ ወዲህ የመጀመሪያ ሙሉ ዓረፍተ ነገሯ ነው። የነርሶቹን ፈቃድ ጠይቄ ሠራሁት። ማራገቢያው ላይ አቧራ ነው። ስጨርስ እጄ አርፎ ነበር።

ኅዳር 14

ውጤቱ መጣ። ዶክተሩ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። እጇን ያዝኩ። እሷ በሩን አላየችም።

ክፉ አይደለም።

እትዬ እልል አሉ። ልጃችን ኮሪደር ወጥታ አለቀሰች። እኔ ትኩሳቱን ጠየቅኩ። "ይወርዳል፣ ግን መቆም አለባት፤ ተኝታ መቆየቷ ጥሩ አይደለም" አለ። ትናንት ሊያቆሟት ሲሞክሩ አዙሯት ተመልሳ ወድቃለች። ደስታው ግማሽ መንገድ ላይ ቆሞ ቀረ።

ኅዳር 17

ሌሊቱን ሲያልባት አድሮ ጠዋት ግንባሯ ቀዘቀዘ። ነርሷ መጋረጃውን ገፍታ፣ "በሉ እናት፣ ዛሬ ይቆማሉ" አለች።

እግሮቿን ከአልጋው አወረደች። ቀጥነዋል። ልጃችን በአንድ ወገን፣ እኔ በሌላው ብብቷን ይዘናት ነበር።

"ልቀቁኝ" አለች።

"ትወድቂያለሽ።"

"ልቀቀኝ አልኩህ፣ አንተ ሰው።"

ለቀቅኳት። እጄን ግን አላራቅሁትም። ጉልበቷ ተንቀጠቀጠ፤ የአልጋውን ብረት ያዘች፤ ተወችው። ራሷ በሰፋችው ልብስ ላይ ሆዷን በመዳፏ ደግፋ፣ ትንሽ ጎብጣ፣ ቆመች።

እትዬ ከወንበራቸው ሆነው፣ ገና መሄድ ለጀመረ ሕፃን እንደሚባለው፣ እያጨበጨቡ ሕንፃውን በሚያናጋ ድምፃቸው፦

"ወፌ ቆመች! ወፌ ቆመች!"

የጎረቤት አልጋ ሴትዮዋ ተቀበሏቸው። ነርሷም አጨበጨበች። ልጃችን እንባዋ እየወረደ ትስቃለች።

"አታስቁኝ፣ ስፌቴ ይተረተራል!" አለች ባለቤቴ፣ ቁስሏን ይዛ እየሳቀች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "አንተ ምን ትገተራለህ? ነጠላ ጫማዬን ወዲህ በላት።"

ተንበርክኬ ከአልጋው ሥር አወጣሁና አንዱን አጠለቅኩላት፣ ሌላውን አጠለቅኩላት። እጇን ራሴ ላይ ደግፋ አንድ እርምጃ ሄደች። ወደ መስኮቱ ነው። ቀስ ብዬ ተነስቼ ከኋላዋ ሆንኩ።